የቤት ቁጥር አራት ሊጥ

ሆፕኪንስ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2025

የኢያኤል ሊጥ ያበራል።

እትዬ የምሥራች፣ ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ የጀመርኩት ያንቺም የሐሙሱ ደብዳቤ ሰላምታ ስላልነበረው ነው። «ልጄ አእምሮዋ ተነክቷል ወይስ አልተነካም? በአንድ ቃል መልስልኝ» ነው ያልሽው። አልተነካም። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ወርጄ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጆሮሽ ስልክ አልሰማ ካለሽ ወዲህ በእጅ መጻፉን ለምጄዋለሁ። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ስለምልከው ደሴ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም። ጽሕፈቴ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ቀይ እስክሪብቶሽን አታውጪብኝ።

የእነ ኢያኤል ቤት እኔ ካለሁበት ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ ቁጥር አራት። ግማሹ ከመሬት በታች ስለሆነ የመስኮቱ ደፍ ከሣሩ እኩል ነው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ሰው ገብቶ የሚቆምበት፣ በር ያለው የልብስ ማስቀመጫ አለ። አጠገቡ የማሞቂያው ቧንቧ ከወለሉ ስለሚወጣ ይሞቃል። ሊጡ ቶሎ ይነሳልኛል ብላ ባልዲውን እዚያ ነው የምታስቀምጠው።

አስገብታኝ በሩን ከውስጥ ዘጋችው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ክዳኑን አነሳች። ከላይ ያቀረረው ውሃ ሰማያዊ ነበር፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። የአባባ የእጅ ሰዓት ቁጥሮች ጨለማ ውስጥ ይታዩ የነበሩትን ያህል ነው። ፊቷን ሊያሳየኝ የሚችል ብርሃን አልነበረም። «አሁን እይ» አለችና እጇን አስገብታ አማሰለችው። ደመቀ። እጇን ስታወጣ ጣቶቿ እስከ አንጓዋ ድረስ ታዩ፤ ሌላው አካሏ አይታይም። እጅ ብቻ ነበር ፊቴ የቆመው።

ልጁ መንቀሳቀስ በጀመረበት ሳምንት እንደጀመረ ነገረችኝ። አምስት ወሯን ይዛለች። «የፊተኞቹ ሁለቱ ሲጨነግፉብኝ ምንም አልበራልኝም፣ ጋሼ» አለችኝ። እኔ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት።

ስለ ጤናዋ ለጠየቅሽኝ፣ ትበላለች። ሐኪሟ ሥራ አቁመሽ ተኚ ስላለቻት ቀኑን ሙሉ እዚያው ክፍል ነች። ትንሽ ራስ ምታት አለባት፤ የእርግዝና ነው ትላለች። ባሏ ናሆም ደኅና ነው። ኤርፖርት አውሮፕላን ነዳጅ መሙላቱን አልተወም፤ ሺፍቱ ስለማይመች ብዙ አንገናኝም።

የሊጡን ፎቶ ልካልሻለች? ለሰውስ አሳይተሻል?

ለምን እንደሚያበራ ገና አላወቅሁም።

ወንድምሽ ደጀኔ


ደሴ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደጀኔ፣

እኔ ደኅና ነኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። የማያውቅ ተማሪ ቦታውን ባዶ ይተወዋል። «ገና አላወቅሁም» ብሎ የሚጽፈው ያወቀው ነው። አንተ ራስህ ዘጠነኛ ክፍል ሳለህ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ በወንድምነትህ ማርክ አልጨመርኩልህም።

ፍሪድሊ ከተማ ያለው የምትሠራበት ድርጅት ምን እንደሚሠራ ሥራ የገባህ ሰሞን ጽፈህልኝ ነበር። ደብዳቤውን ትናንት ከሳጥን አውጥቼ አነበብኩት። «የሚያበራ» የሚል ቃል ሦስት ቦታ አለበት።

ለጥያቄህ፣ አዎ፣ ፎቶውን ልካልኛለች። አዎ፣ ለጎረቤት አሳይቻለሁ። ለምን እንዳሳየሁ ሌላ ቀን እነግርሃለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከየት መጣ? በልታዋለች ወይ?

እኅትህ የምሥራች


ሆፕኪንስ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2025

እትዬ፣

የመጣው ከእኔ ፍሪጅ ነው። በልታዋለች፤ እኔም በልቻለሁ። እሳት ይገድለዋል። ጥሬውም ቢሆን ሰው እንደማይጎዳ ተፈትኗል፤ በዚህ በኩል አትስጊ። ይቅርታውን ወደ መጨረሻው አደርገዋለሁ፣ መጀመሪያ ነገሩን ልንገርሽ።

የምንሠራው ባክቴሪያ ነዳጅ ሲያገኝ የሚያበራ ነው። ብርሃን የሚሰጥ የባሕር ባክቴሪያ እንዳለ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። የዚያን ዘረመል አውጥተን የአፈር ባክቴሪያ ውስጥ አስገባነው። የብርሃኑን ማብሪያ ደግሞ ከነዳጅ ጋር አያያዝነው። ቤንዚንም ናፍጣም ሲደርሰው ይበራል፤ እንፋሎቱ ብቻም ይበቃዋል። ካልደረሰው ጨለማ ነው። በሰሜን በኩል የነዳጅ ቧንቧዎች ረግረግ አቋርጠው ያልፋሉ፤ የሚያፈሱበትን ቦታ የምናገኘው በዚህ ብርሃን ነው። የረግረጉ ውሃ ኮምጣጣ ነው፤ ስለዚህ ኮምጣጣ የሚችል ዘር አራባን። ሊጥ ውስጥ ያልሞተው ለዚህ ነው።

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ማልደን ወደ ረግረጉ ልንሄድ ስለነበር አንዱን ብልቃጥ ከሥራ ስወጣ ቤቴ ይዤ ገባሁ። አይፈቀድም። ክዳኑ መኪና ውስጥ ስለተሰነጠቀ የታጠበ የማር ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። ይህም አይፈቀድም። ጉዞው ተሰረዘ፤ እኔም ረሳሁት።

በዚያው ሳምንት የኢያኤል እርሾ ተበላሸባት። ሁለተኛ ፎቅ ዳራርቱ የምትባል የነቀምት ልጅ አለች፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ከራሷ እርሾ ቀድታ፣ ኢያኤል ስትመጣ ትውሰድ ብላ እኔ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችላት። እሷም በማር ጠርሙስ ነው ያመጣችው። ሁላችንም ማር የምንገዛው ከአንድ ሱቅ ነው። ኢያኤል በቁልፏ ገብታ አንዱን ወሰደች። የዳራርቱ እርሾ እስከ ዛሬ ፍሪጄ ውስጥ አለ። ትናንት ከፍቼ አሸተትኩት።

ኢያኤል ያኔ «የዳራርቱ እርሾ ሽታው ይከብዳል፣ ግን ጎበዝ ነው» ብላኝ ነበር። እኔም ለዳራርቱ ነገርኳት፤ ደስ አላት።

እዚያ ክፍል ነዳጅ ከየት መጣ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ከናሆም ነው። የሥራ ልብሱን ከባልዲው በላይ ነው የሚሰቅለው። ዛሬ ኤርፖርት ድረስ ድራይቭ አድርጌ አገኘሁትና ልብስህን መኪናህ ውስጥ ተው፣ ሽታው ለእርጉዝ ጥሩ አይደለም አልኩት። ውሸት አይደለም። በጥቂት ቀን ይጠፋል።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ፣ ለኢያኤል አትንገሪያት። ከተሰማ ሥራዬን አጣለሁ፤ ድርጅቱም ፈቃዱን ይነጠቃል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ሊደርስ ይችላል። ከጠፋ ሁሉም ይረሳዋል።

ይቅርታሽን።

ደጀኔ


ሆፕኪንስ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 2025

እትዬ፣

አልጠፋም። በሦስት ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ጠይቀሽኝ ዝም ያልኩሽ የምነግርሽ ደግ ነገር ስላልነበረኝ ነው። ስለ ዝምታዬ የተናገርሽኝን ሁሉ ተቀብያለሁ።

ናሆም ለሥልጠና ቴክሳስ ሄዶ ስምንት ቀን ቆየ። የሥራ ልብሱን ይዞ ነው የሄደው። በነዚያ ስምንት ቀናት እዚህ ውርጭ ገባ፤ መሬቱ በብርድ ደርቆ ድንጋይ ሆነ። ብርሃኑ በየቀኑ ጨመረ። አሁን ሳይማሰልም የኢያኤልን ፊት ያሳያል።

ሌላም አለ። እርሾ ያበደረ ሰው እርሾው ይመለስለታል፤ ይህን ማሰብ ነበረብኝ። ኢያኤል ከራሷ ሊጥ ቀድታ ለዳራርቱ መለሰች። ዳራርቱ ደግሞ ለሰው መስጠት ትወዳለች። አሁን በሕንፃው ውስጥ ስድስት ባልዲ አለ። ቧንቧ የሚፈትሽ ሰው መስዬ ቤት ለቤት ዞርኩ። ከላይ ያሉት ሦስቱ ጨለማ ናቸው። ምድር ቤት ያሉት ሦስቱ ያበራሉ።

ዳራርቱ የኢያኤልን ወሬ ሰምታ ስለነበር የራሷን ባልዲ ከፍታ አሳየችኝ። «ያንተ እህት ልጅ ጻድቅ ናት» አለችኝ፣ «የኔው ኃጢአቴን ስለሚያውቅ ጨልሞ ቀረ።» ስቄ ወጣሁ።

ምድር ቤት ቁጥር ሁለት አቶ ሐብተማርያም አሉ፤ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ እንጀራ ራሳቸው የሚጋግሩ ሰው። ስለ ባልዲያቸው ለማንም አልተናገሩም ነበር። መጀመሪያ አላስገባም አሉኝ። ኋላ ላይ ወደ ቁምሳጥኑ ወሰዱኝና ድምፄን እንድቀንስ በእጃቸው አመለከቱኝ። ወንበር አስቀምጠውበታል። አጠገቡ እየተቀመጡ የዕለቱን ወሬ ይነግሩታል።

ትናንት ኢያኤል ለምርመራ ስትሄድ ከዳራርቱ ሊጥ በስኒ ቀድቼ ደረጃው ላይ ደረደርኩ፣ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት። ጥቂት ቆይቼ መብራቱን አጠፋሁ። ከላይ ያሉት አይታዩም። መሃል ላይ ያለው አለ እንዳትይ የለም፣ የለም እንዳትይ አለ። ታች ያለው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስወርድ ታች የሚጠብቀኝ ነገር ያለ መሰለኝ። ከዚያ ስኒዎቹን ቁጥር አራት አስገብቼ በየግድግዳው ሥር አደረግኩ። ከሁሉም የደመቀው የማሞቂያው ቧንቧ ከወለሉ የሚወጣበት ጥግ ነው። ሙቀት አለው ብለው የሕፃኑን አልጋ የገጠሙት እዚያ ነው። አልጋው ሥር ያስቀመጥኩት ስኒ የዘንጎቹን ጥላ ግድግዳው ላይ ጣለው።

የከተማውን የድሮ ፎቶዎች ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አየሁ። ሕንፃው ሳይሠራ በፊት ቦታው ላይ ቤንዚን ማደያ ነበር። ማደያው ፈርሷል፤ ከመሬት ሥር የነበሩት የነዳጅ ታንከሮች ወጥተዋል የሚል ወረቀት ግን አላገኘሁም። ከመሬት በታች ያለው እንፋሎት በሙቀቱ ወራት በየቦታው ይወጣል። መሬቱ በውርጭ ሲደነድን መውጫው የሚሞቀው ቤት ብቻ ይሆናል፤ ቤቱ ይስበዋል። ውርጩ ገና መጀመሩ ነው።

አንቺ የምታውቂውን አልጽፍልሽም። የእንዲህ ዓይነት እንፋሎት ለፅንስ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለኢያኤል እንዴት እንደምነግራት አስቢልኝ።

ደጀኔ


ደሴ፣ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ደጀኔ፣

እንዴት እንደምትነግራት አላሰብኩልህም። ራሴ ነገርኳት። ሥራህን፣ ጠርሙሱን፣ ማደያውን፣ ሁሉንም። እኔን ዝም በይ ማለትህን ጨምሬ ነገርኳት። ዝም ያልኩባቸው ሁለት ሳምንቶች የእኔም ጥፋት ናቸው።

መልሷን ልጻፍልህ። «እማዬ፣ ጋሼ እግዜርን በማይክሮስኮፕ አይቶ ያጣው ሰው ነው፣ ተይው» ብላለች።

ፎቶውን ለምን ለጎረቤት እንዳሳየሁ እነግርሃለሁ ብዬ ነበር። አምኜ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩትን ትቼ ዘጠኝ ቀን አመንኩ። ጎረቤቶቼ አሳጥበውት ፍሬም አስገብተውታል፤ አንዷ ለታመመች ልጇ ራስጌ ወስዳዋለች። መልሽልኝ ለማለት አፍ አጣሁ። ስለዚህ በኢያኤል አትፍረድባት።

አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። ቁጥር አራት የገቡት መቼ ነው? ሁለቱን ያጣችው ከመግባቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

የምሥራች


ሆፕኪንስ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 2025

እትዬ፣

መጀመሪያ ተቆጥቼሽ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ስለነገርሻት አመሰገንኩሽ። እኔ እስካሁን አልነግራትም ነበር።

ሐሙስ ጠራችኝ። ናሆም አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። አልተነሳችልኝም። ሁለት የማር ጠርሙስ ለይቼ ማስቀመጥ ያቃተኝ ሰው እንዴት የልጇን ቤት እንደምመርጥላት ጠየቀችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ከእኔ ጋር እንዲሆኑ፣ እኔ ሶፋ ላይ እንደምተኛ፣ ካልሆነም ዳራርቱ አንድ ክፍል እንደምትለቅላቸው ነገርኳት። ሐኪሟ ደረጃ አትውጪ ብላታለች።

ናሆም ቀስ ብሎ፣ ጋሼ ያለው እውነት ቢሆንስ አላት።

«እውነት ቢሆንማ አንድ ሰው ይሸተው ነበር። አንተ ነዳጅ ስትቀዳ ነው የምትውለው። ሸተተህ?»

«የኔ አፍንጫ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው» አላት።

አልሳቀችም። ወደኔ ዞረች። «ሁለቱንም ጊዜ ሐኪሞቹ ምክንያቱን አናውቅም አሉኝ። አንተ አሁን አወቅህ። ጥሩ። በወረቀት አምጣልኝ፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበት። ያን ቀን እወጣለሁ።»

ማስረጃ ለማግኘት ያደረግሁትን ልንገርሽ። ከመደብር የአየር መለኪያ ገዛሁ። ለሽንኩርትም ለነዳጅም እኩል ይጮሃል። የሕንፃው ማናጀር ሰምቶ ሳቀ፤ የምግባችሁ ሽታ ነው፣ መስኮት ክፈቱ አለኝ። በዚህ ብርድ። ሴንት ፖል ወዳለው የክፍለ ግዛቱ የአካባቢ ብክለት ቢሮ ደወልኩ። ሴትየዋ ትሑት ናት። ምን ሸተታችሁ አለችኝ፤ ምንም አልኳት። የታመመ ሰው አለ ወይ አለች፤ አንዲት እርጉዝ ራሷን ያማታል አልኳት። ታዲያ ነዳጅ መሆኑን እንዴት አወቅህ አለችኝ። ይህን ግን አልነገርኳትም። ፎርም ሙላ፣ ከበዓላት በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ሰው ይመጣል አለችኝ።

ከዚያ ለአለቃዬ ነገርኳት። የቢሮዋን በር ዘግታ ስንት ባልዲ ነው አለችኝ። ስድስት አልኳት። እስከ ማክሰኞ ሁሉም ላይ በረኪና እንድጨምር፣ ባልዲዎቹንም እንድጥል፣ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ንግግር በመካከላችን እንዳልነበረ አድርገን እንደምንቀጥል ነገረችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም። አሥራ አንድ ሠራተኛ አላት። ስለ ሕንፃውስ ስላት፣ ቀስ ብለን እናስብበታለን አለች።

ምን ባደርግ እንደሚሻል ምከሪኝ። ላንቺ ጥያቄ መልሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ደጀኔ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ደጀኔ፣

አልመክርህም። እኔ ከልጄ ሌላ የማጣው የለኝም፤ አንተ ከሥራህ ሌላ የለህም። ሁለታችንም ለመምከር አንሆንም።

ጥያቄዬን ባዶ ትተኸዋል። እንደ ተማሪ ቆጥሬህ «አላውቅም» ማለትህ ነው ብዬ ነበር። ግን አብረህ ነው የምትኖረው፤ ታውቃለህ።

ትናንት አልጻፈችልኝም። ከትናንት ወዲያም አልጻፈችም። ለምን?

የምሥራች


ሆፕኪንስ፣ ዲሴምበር 16 ቀን 2025

እትዬ፣

ቅዳሜ ደም ታይቷት ሆስፒታል አስገብተናት ነበር። ልጁ አለ። የልብ ምቱን እኔም ሰምቻለሁ። አንቺ ስትጠይቂኝ ሦስት ቀን የደበቅኩሽ ራሷ «ለእማዬ እንዳትነግራት» ስላለችኝ ነው። እሺ ያልኳት ግን ለራሴም ስለቀለለኝ ነው። ሰኞ አሰናበቷት። ከአልጋ እንዳትነሺ ነው የተባለችው። ናሆም ተሸክሞ አስገባትና እዚያው ቧንቧው ያለበት ግድግዳ ሥር አስተኛት።

ባዶ የተውኩትን ልሙላው። ቁጥር አራት ከገቡ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ሁለቱም የጠፉት ከገቡ በኋላ ነው። አንደኛው ጃንዋሪ ላይ ነበር፣ ሁለተኛው በዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ። ምክንያቱ ይህ ነው አልልሽም፤ ማንም ሊለው አይችልም። ወሮቹን ብቻ ነው የጻፍኩልሽ።

ይህን የምጽፈው ሆፕኪንስ ካለ መደብር ውስጥ ነው፣ ከመድኃኒት መስጫው ፊት ለፊት ካሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ። ከጠዋት ጀምሮ አለቃዬ ያዘዘችኝን ስሠራ ነበር። ከላይ ያሉትን ሦስቱን ጨርሻለሁ። ዳራርቱ በረኪናውን ራሴ ካልጨመርኩ አለች። ለእርሾዋ ሌላ ስም ልታወጣለት አስባ እንደነበር ነገረችኝ፤ ከዚያ ግን ባልዲዋን ሰጥታኝ በሯን ዘጋች። ከምድር ቤቱ ከቁጥር አንድ ያለውንም አጠፋሁ። በረኪናው የነካው ቦታ ወዲያው ይጠቁራል፤ ጨለማው ከዚያ ጀምሮ ወደ ዳር ይሄዳል። ዓይን ሲከደን ይመስላል።

አቶ ሐብተማርያም ለዛሬ ብቻ ተዋት አሉኝ። አልተውኩላቸውም። «እያየሁ እንዳላለቅስ» ብለው ወንበሩን ይዘው ወጡ።

በረኪናው እዚያ ላይ አለቀ። የኢያኤል ብቻ ቀረ። ናሆም ባልዲውን በሩ ላይ ሰጠኝ። እሷ ከውስጥ፣ ማን ነው አለች። ማንም አይደለም አላት። ክዳኑን በፕላስተር ዘግቼ መኪናዬ ኋላ መቀመጫ ላይ አስሬዋለሁ፤ በርዶት እንዳይሞት ማሞቂያውን አብርቼ ነው የመጣሁት። ሊገድል በረኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ለምን እንደሚያሞቀው መንገድ ላይ ራሴን ጠየቅሁ።

አራት ጋሎን በረኪና ጋሪው ላይ ጭኛለሁ። ሂሳብ ወደሚከፈልበት ሰልፍ ደርሼ ከሰልፉ ወጥቼ ነው እዚህ የተቀመጥኩት። ይህን ካፈሰስኩበት ሴንት ፖል ላለችው ሴት የማሳያት የለኝም። ፎርሙ ስምንት ሳምንት ይቆያል፤ ስምንት ሳምንት ማለት ፌብሩዋሪ ነው።

ቢሮው በዚህ አገር ሰዓት አቆጣጠር ከቀትር በኋላ አራት ተኩል ላይ ይዘጋል። አሁን ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ በዚህ በረዶ ከዚህ ሴንት ፖል አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቃቸው መስኮት የሌለው ክፍል እንዲሰጡኝ ነው። ካዩት በኋላ እንዴት አወቅህ ይሉኛል። ከየት እንደወጣ፣ ማን እንዳወጣው፣ ስሜን፣ የድርጅቱን ስም እነግራቸዋለሁ። ለአለቃዬ ከመኪናው ደውዬ አስቀድሜ እነግራታለሁ፤ ይህን ያህል ይገባታል። ማኅተሙን ዛሬ ባይሰጡኝ ሰው አስከትዬ ነው የምመለሰው። ኢያኤል ከዚያ በኋላ ላታናግረኝ ትችላለች። አንቺ ግን

አንዲት ሴት ልጅ አቅፋ መጥታ ወንበሩ ይለቀቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይለቀቃል አልኳት። ጋሪውን መተላለፊያው ላይ ትቼው እየወጣሁ ነው።

ደጀኔ